ቀለበቱ ሲወልቅ፦ የኩባና የኩባ ያልሆነ ሲጋር ጣዕም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ስሙን መልአክ ያውጣው እንጂ ዋጋውን የሚተምነው ነጋዴ ነው። በሲጋር ዓለም «ሀቫና» የሚለው ስም ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው በዚህ ዓይነት ነው። ስሙ ገና ሲጠራ ቀማሹ ኪሱን ይፈታል፤ ፍርዱንም ሳይቀምስ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ያንን ፍርድ እንደገና ለመመርመር የተደረገ ሙከራ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። የኩባ ሲጋር ከሌሎች አገሮች ሲጋር የሚለየው በእውነት በጣዕሙ ነውን? ከሆነስ ልዩነቱ የሚመጣው ከአፈሩ ነው፣ ከዘሩ ነው፣ ወይስ ከሚጠቀልለው እጅ?

ጥያቄውን ያስነሡብኝ ናይሮቢ ለረጅም ዓመታት የኖሩ፣ በዕድሜ የምናንሳቸው ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበሩ። በስፓኒሽ ስሟ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው የወጣቶች ደሴት፣ ግማሹን ቀን በትምህርት ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት እርሻ እያሳለፉ አደጉ። ኋላም የትምባሆ አገር በሆነችው በፒናር ዴል ሪዮ ተማሩ። እዚያ ትምባሆ ለቅመዋል፤ የማድረቂያ ቤቶቹን ሽታ ዛሬም በቃላቸው ያስታውሱታል። ታዲያ ስለ ሲጋር በተነሣ ቁጥር የማትለወጥ አንዲት ፍርድ አለቻቸው። «ከኩባ ውጭ ያለው ሁሉ ጭስ ነው» ይላሉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጥሩ የኒካራጓ ሲጋር ብሰጣቸው ቀለበቱን አንብበው አመሰገኑኝና ሳይለኩሱ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ዛሬም አልለኮሱትም ብዬ እገምታለሁ። ያች ያልተለኮሰች ሲጋር ናት ይህን ያጻፈችኝ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላጥራ። «ሲጋር» ስል በየሱቁ በፓኮ የሚሸጠውን ሲጋራ ማለቴ አይደለም። ሲጋራ ተቆራርጦ በወረቀት የተጠቀለለ ትምባሆ ነው፤ ጭሱም ወደ ሳንባ ይሳባል። ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው፤ ጭሱም አፍ ውስጥ ተዟዙሮ ይወጣል እንጂ አይዋጥም። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ሲጋር ከአፍና ከጉሮሮ ካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው። ኬንያ በ2007፣ ኢትዮጵያም በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጧቸው ሕጎች ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን የገደቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲጋርን በዓለም ፊት የአገራቸው አርማ ያደረጉት ፊደል ካስትሮ እንኳ በ1985 ማጨስ ትተዋል። ስለዚህ ይህ ሂስ ማንንም ለማስጀመር አልተጻፈም። ነገር ግን በቅጠል ላይ የዋለ የሰው ጥበብ አለ፤ ጥበብ ባለበት ደግሞ መመዘን ያስፈልጋል።

መመዘኛው ምን እንደሆነ ለመግባባት ሲጋር እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ውስጡ ሙሌት ነው፤ ሙሌቱን ጠፍሮ የሚይዘው ማሠሪያ ቅጠል ይባላል፤ ከላይ የሚታየው ደግሞ መሸፈኛ ቅጠሉ ነው። ሙሌቱ ከአንድ ተክል ልዩ ልዩ ከፍታ ይለቀማል። የታችኛው ቅጠል ቮላዶ ይባላል፤ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ሲሆን ዋና ሥራው እሳቱን ማቀጣጠል ነው። የመካከሉ ሴኮ መዓዛን ይሰጣል። ፀሐይ የጠገበው የላይኛው ሊጌሮ ኃይልን ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድም ጠቅላዩ እመሐል ያደርገዋል። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በማድረቂያ ቤት ለሳምንታት ተሰቅሎ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያም ተከምሮ ይብላላል። ክምሩ ከውስጡ ይሞቃል፤ አሞኒያው ይወጣል፤ ምሬቱ ይለዝባል። ባለሙያ ሴት ሊጡ መቡካቱን በሽታው እንደምታውቅ ሁሉ የትምባሆ ባለሙያም ክምሩ የሚገለበጥበትን ሰዓት በእጁና በአፍንጫው ያውቃል። ቸኩሎ የተነሣ ቅጠል አፍ ይቆጠቁጣል፤ ዘግይቶ የተነሣ ደግሞ ጣዕሙን አጥቶ ገለባ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ኩባ እንሂድ። የኩባ ምርጥ ቅጠል የሚበቅለው በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ፣ በፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ቩኤልታ አባሆ በተባለው አውራጃ፣ በተለይም በሳን ሉዊስና በሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔስ ዙሪያ ነው። የኩባ ሲጋር ትልቁ መለያ ይህ ነው፤ ሙሌቱም፣ ማሠሪያውም፣ መሸፈኛውም የአንድ አገር አፈር ያበቀላቸው ናቸው። ከውጭ የሚገባ ቅጠል አይቀላቀልበትም። ስለዚህ የኩባ ጠቅላይ የሚሠራው በጠባብ ገበታ ላይ ነው፤ ልዩነት የሚፈጥረው ቅጠሉን ከተክሉ ከፍታ፣ ከማሳውና ከዕድሜው በመምረጥ ብቻ ነው።

በዚህ ጠባብ ገበታ ላይ ግን የሚገርም ስፋት አለ። ሆዮ ዴ ሞንቴሬይ ኤፒኩሬ ቁጥር 2 ለስላሳ ነው። መጀመሪያ ላይ የወተት ዓይነት ልስላሴ አለው፤ ቀጥሎ ሴዳር የሚባለው መዓዛማ እንጨት ይመጣል፤ ወደ ማለቂያው የተቆላ ለውዝ ያስታውሳል። ለረጅም ዘመን ከኩባ ሲጋሮች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ የነበረው ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 መካከለኛ ነው፤ የካካዎና የቡና ምሬት ከጥቂት ጣፋጭነት ጋር ተያይዞበታል። ፓርታጋስ ሴሪ ዲ ቁጥር 4 ግን ሌላ ነገር ነው። ዝናብ የነካው አፈር፣ ቆዳ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሥሩም ጠቆር ያለ ጣፋጭነት አለው። ሦስቱም የማይመሳሰሉ ሲሆኑ ከሦስቱም በታች ግን አንድ የጋራ ድምፅ ይሰማል። እሱም ምላስን ከዳር የሚነካ፣ በጎምዛዛና በጨዋማ መካከል ያለ፣ ከጭሱ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀር ስሜት ነው። አጫሾች ስለዚህ ስሜት ብዙ ይከራከራሉ፤ ስምም በየቋንቋው ያወጡለታል። ይህ ጸሐፊ ሲያስበው እርሾ ያልጠፋበት እንጀራ ላይ እንዳለችው ትንሽ ጎምዛዛነት ሆኖ ይሰማዋል። ያቺ ጎምዛዛነት ለብቻዋ ምግብ አይደለችም፤ ካልኖረች ግን ምግቡ ይጎድላል።

የኩባ ያልሆነው ሲጋር ሥራው በሌላ መንገድ ነው። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ የኒካራጓና የሆንዱራስ ፋብሪካዎች ቅጠልን ከብዙ አገር ይሰበስባሉ። ሙሌቱ ከኒካራጓ ሸለቆዎች ከኤስቴሊ፣ ከሐላፓና ከኮንዴጋ፣ ወይም ከዶሚኒካን የሲባዎ ሸለቆ ሊሆን ይችላል። መሸፈኛው ደግሞ ደመና ጥላ ከሚሆንለት ከኢኳዶር፣ ከአሜሪካ የኮኔቲከት ሸለቆ፣ ከሜክሲኮ ወይም ከአህጉራችን ከካሜሩን ይመጣል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር በዓለም ከተከበሩት የሲጋር መሸፈኛዎች አንዱ የማዕከላዊ አፍሪካ ቅጠል መሆኑ ነው። የካሜሩን ቅጠል ቀጭን ነው፤ ላይ ላዩን በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ ሲነድ ጣፋጭ ቅመም፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የሚያስታውስ መዓዛ ይሰጣል። የአርቱሮ ፉዌንቴ ቤት ዶን ካርሎስ የሚለውን ሲጋሩን የሚያለብሰው በዚህ ቅጠል ነው።

ስለዚህ የኩባ ያልሆነው ሲጋር የቅንብር ጥበብ ነው ማለት ይቻላል። የኤስቴሊ ጥቁር አፈር ኃይልንና ቁንዶ በርበሬን ያመጣል፤ ሐላፓ ጣፋጭነትን፤ ሲባዎ ልስላሴን። ቀማሪው እንደ ወጥ ባለሙያ ነው፤ ሽንኩርቱ ከአንድ ገበያ፣ ቅቤው ከሌላ፣ በርበሬው ከሦስተኛ ቢመጣም ሙያው የሚለካው በድስቱ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ቅጠሉን ከመጠቅለላቸው በፊት ለዓመታት ስለሚያስቀምጡ ሲጋሩ ሣጥኑ እንደተከፈተ ለማጨስ ዝግጁ ነው። የኩባው ግን ብዙ ጊዜ በወጣትነቱ ይሸጣል። ገና አሞኒያው ሳይለቀው ገበያ ላይ የወጣ ሀቫና የመረረው ሰው የቀመሰው የኩባን አፈር ሳይሆን የሻጩን ጥድፊያ ነው። ያንኑ ሣጥን ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ባለው ስፍራ ሦስት አራት ዓመት ቢያቆየው ሌላ ሲጋር ያገኛል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁለቱን እንደ ሁለት እንግዳ ቤቶች አድርጎ ነው። ነገር ግን ቤቱ አንድ ነበር። የተከፈለው በ1960 ነው። በዚያ ዓመት መስከረም የኩባ አብዮታዊ መንግሥት የሲጋር ፋብሪካዎቹን ወረሰ። የፓርታጋስ ባለቤቶች የሲፉዌንቴስ ቤተሰብ፣ የሞንቴክሪስቶና የኤች ኡፕማን ባለቤቶች የሜኔንዴስና የጋርሲያ ቤተሰቦች፣ ሌሎችም ብዙዎች አገር ለቀቁ። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከኩባ ጋር የሚደረግ ንግድን ከለከሉ። ረዳታቸው ፒየር ሳሊንጀር ኋላ እንደተረኩት ፕሬዚዳንቱ እገዳውን የፈረሙት እሳቸው በየሱቁ ዞረው 1,200 ትናንሽ የኡፕማን ሲጋሮች ገዝተው ካቀረቡላቸው በኋላ ነው። የከለከለው ሰው እንኳ ስንቁን ሳይዝ አልከለከለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለጣዕም ሐያሲ ትልቅ ፈተና ነው። ስሙ ለሁለት ተከፈለ። ፓርታጋስ፣ ሞንቴክሪስቶ፣ ሮሜዮ ኢ ሁሊዬታ፣ ሆዮ ዴ ሞንቴሬይ፣ ፑንች የሚባሉት ሁሉ ዛሬ ሁለት ሁለት ናቸው። አንዱ በኩባ ተሠርቶ ለቀረው ዓለም የሚሸጥ ሲሆን ሌላው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወይም በሆንዱራስ ተሠርቶ ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርብ ነው። ቀለበቱ ተመሳሳይ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የታወቀው ፓርታጋስ ለብዙ ዓመታት የለበሰው የካሜሩን ቅጠል ነው። ከአብዮቱ በኋላ በ1966 የተወለደው ኮሂባ እንኳ ከመንታነት አላመለጠም። በስሙ ላይ በአሜሪካ የተነሣው ክርክር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየፍርድ ቤቱ ሲንከባለል ኖሮ፣ በ2022 የንግድ ምልክት ዳኞች የአሜሪካው ኩባንያ ምዝገባ እንዲሰረዝ ወስነዋል።

አፈሩ ቀረ፤ ዘሩና እጁ ግን ተሰደዱ። በፒናር ዴል ሪዮ የተወለዱት ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን በ1964 ማያሚ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ በኋላም ኒካራጓ ገብተው ስማቸው ከሀቫና ጋር በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሲጋር ሠሩ። ከእሳቸው ብዙ ዘግይተው የወጡት ሆሴ ጋርሲያ፣ ወዳጆቻቸው «ፔፒን» የሚሏቸው፣ ሙያቸውን እዚያው ኩባ ተምረው የጨረሱ ጠቅላይ ናቸው። ዛሬ ኤስቴሊ ላይ የሚሠሩት ማይ ፋዘር የተባለው ሲጋር በኒካራጓ ሙሌትና በኢኳዶር መሸፈኛ የተጠቀለለ ነው፤ እጁ ግን የኩባ እጅ ነው።

ስለ ዘሩም ቢሆን የሚያስገርም ነገር አለ። የቀድሞዎቹን ሀቫናዎች ያለበሰው ታዋቂ የመሸፈኛ ዘር ኮሮሆ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በቩኤልታ አባሆ ከሚገኝ እርሻ ነው። ዘሩ ለበሽታ የተጋለጠ በመሆኑ፣ በተለይም በ1979ና በ1980 ሰማያዊ ሻጋታ የኩባን አዝመራ ካወደመ በኋላ፣ ኩባውያን በሽታ የሚቋቋሙ ድቅል ዘሮችን አዘጋጅተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮሮሆን ከማሳቸው አወጡት። በሌላ በኩል በሆንዱራስ ሃማስትራን ሸለቆ የድሮውን ኮሮሆ ዛሬም እንተክላለን የሚሉ ስደተኛ ቤተሰቦች አሉ። እንግዲህ አያቱ ያጨሱትን ጣዕም የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ? ዘሩ ወደ ተለወጠበት አሮጌ አፈር ወይስ አፈሩ ወደ ተለወጠበት አሮጌ ዘር? «እውነተኛው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ስተርክላቸው በትዕግሥት ሰሙኝና «ወሬ ነው፤ ምላሴ አይሳሳትም» አሉ። እኔም በምላሳቸው ይፈረድ ብዬ ተስማማሁ። ውፍረታቸው ሃያ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በርዝመትም የተቀራረቡ አራት ሲጋሮችን መረጥሁ። ሁለቱ የኩባ ናቸው፤ ሆዮ ዴ ሞንቴሬይ ኤፒኩሬ ቁጥር 2 እና ፓርታጋስ ሴሪ ዲ ቁጥር 4። ሁለቱ የኩባ ያልሆኑ ናቸው፤ የኒካራጓው ማይ ፋዘርና የካሜሩን ቅጠል የለበሰው የዶሚኒካን ዶን ካርሎስ። አራቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ በእኩል እርጥበት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ቀለበቶቻቸውን አውልቄ ቁጥር ሰጠኋቸው። ምላስ ይደክማልና በአንድ ማታ አንድ ብቻ፣ ከእራት በኋላ፣ ከውኃ በቀር ምንም ሳይጠጣ እንዲሆን ተስማማን። ይህ የሳይንስ ሙከራ አይደለም፤ አራት ማታም ሕግ አያወጣም። ነገር ግን ያስተማረኝ አለ።

የመጀመሪያው ማታ ሆዮው ነበር። ጋሼ ከግማሽ በላይ አጨሱና «ጥሩ ነው፤ ግን ሴት ወይዘሮ ነው። ዶሚኒካን ነው» አሉ። ተሳሳቱ። ልስላሴን ከኩባ ጋር ማያያዝ አልለመዱም፤ በልጅነት ትዝታቸው ያለው የገበሬ ሲጋር ነውና ብርቱ ነበር።

በሁለተኛው ማታ ማይ ፋዘር ወጣ። ገና በመጀመሪያው ስበት ቁንዶ በርበሬው አፍንጫቸውን ሲነካቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። ቀስ እያለ በርበሬው ለካካዎና ለቆዳ ቦታ ለቀቀ። አመዱ ሳይወድቅ ረጅም ቆመ፤ እሳቱም ዙሪያውን እኩል ሄደ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ፓርታጋስ ነው። እንዲያውም የድሮው ፓርታጋስ» አሉኝ። ተሳሳቱ፤ ግን እንዴት ያለ ስሕተት! የሰሙት የኩባን አፈር አልነበረም፤ በኩባ የተማረውን እጅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ማታ የዶን ካርሎስ ነበር። ይህን ወዲያው ለዩት። «ይህ ቅመም አለበት፤ ሻይ ውስጥ የገባ ቀረፋ ይመስላል። ኩባ እንዲህ አይልም» አሉ። ትክክል ነበሩ። ቅጠሉ ከካሜሩን መሆኑን ስነግራቸው «አፍሪካም እንዲህ ታበቅላለች?» ብለው ጥቂት ዝም አሉ።

በአራተኛው ማታ ፓርታጋሱን ሰጠኋቸው። ጅማሬው አላማረም፤ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ ነበርና ጭሱ በጭንቅ መጣ። ይህ የኩባ ሲጋር የታወቀ ጉድለት ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍላጎቱ ሲንር ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን አብዝተው ብዙ የማይሳብ ሲጋር አወጡ፤ ኋላም የጭሱን አመጣጥ የሚለካ መሣሪያ እስከ ማስገባት ደርሰዋል። ጋሼ ግን አላጉረመረሙም። ከሲሶው በኋላ ሲጋሩ ተከፈተ። አፈሩ መጣ፤ ከዳር ያቺ ጎምዛዛ ጨዋማ ነገር መጣች። እሳቸውም ምንም አላሉም። ሲጨርሱ «የማድረቂያ ቤቱ ይህ ነው» አሉና ተነሡ። ትክክል ነበሩ።

ሁለት ከአራት። ሳንቲም ቢወረወርም ከዚህ የራቀ ውጤት አይጠበቅም የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ የስሕተቱና የትክክሉ ዓይነት ያስተምራል። ጋሼ የተሳሳቱት ኃይልን የኩባ መለያ አድርገው በያዙበት ጊዜ ነው። ትክክል የሆኑት ኃይሉን ረስተው መዓዛውንና ያንን ከሥር የሚቀረውን ድምፅ ባዳመጡበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «አዎን» ነው፤ የኩባ ጣዕም የሚባል ነገር በእውነት አለ። ብርታት ግን አይደለም፤ ቅመምም አይደለም። ብዙ ኃይል ሳይጠቀም ጥልቀትን የማምጣት ችሎታ ነው። አፈሩ የሚሰጠው ይህንን ነው፤ ይህንን ደግሞ ዘሩም እጁም ተሸክመው ሊሰደዱ አልቻሉም።

ይህን ካመንሁ በኋላ ሌላውንም ማመን ይገባኛል። ሲጋር ጣዕም ብቻ አይደለም፤ አሠራርም ነው። ቀጥ ብሎ መንደድ፣ በቀላሉ መሳብ፣ ዛሬ የተገዛው ከትናንቱ ጋር መመሳሰል፣ እነዚህ ሁሉ የሥራው ክብር ናቸው። በዚህ በኩል የኤስቴሊና የዶሚኒካኗ ሳንቲያጎ ጠቅላዮች ብዙ ጊዜ ከሀቫና ይበልጣሉ። አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሲጋር መጽሔት ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ አንደኛ የሚለውን ሲጋር ይመርጣል። ቦሊቫር በ2006፣ ኮሂባ ቤሂኬ በ2010፣ ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 2 በ2013 ተመርጠዋል፤ በአብዛኛዎቹ ዓመታት ግን አክሊሉ ወደ ኒካራጓና ወደ ዶሚኒካን ሄዷል። ነጥብ በመስጠት የሚደረግ ሂስ ብዙ አይማርከኝም፤ ለቡና 91፣ ለሌላው 93 መስጠት ጣዕሙን አይነግረንም። ነገር ግን «ከኩባ ውጭ ያለው ሁሉ ጭስ ነው» የሚለውን ፍርድ ለማፍረስ ይበቃል።

ዋጋውም ሌላ ነገር ነው። በ2022 የኮሂባ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ውድ በሆኑት ገበያዎች ልክ እንዲሆን ተደርጎ እጅግ ተወደደ። በዚያው ዓመት መስከረም ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፒናር ዴል ሪዮን መትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ የማድረቂያ ቤቶችን አፈራረሰ። ቅጠሉ ሲያንስና ስሙ ሲወደድ አስመሳዩ ይበዛል። እኔም አንድ ጊዜ በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ከተማ በአንዱ ሱቅ የኮሂባ ቀለበት ያለበት ነገር በውድ ዋጋ ገዝቼ፣ ቤቴ ገብቼ ብቆርጠው ውስጡ የቅጠል ፍርፋሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያን ቀን የገዛሁት ቀለበቱን ብቻ ነበር። በዚያው ገንዘብ ሦስት ጥሩ የኒካራጓ ሲጋሮች ይገዙ ነበር።

የስም ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 ስትነሣ ከአንድ ታላቅ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋር ገጥማ፣ በ2007 በስምምነት እስኪፈታ ድረስ ብዙ ተከራክራለች። ያኔ የተሟገትነው የቦታ ስም የቦታው ሰው ሀብት ነው ብለን ነበር። በዚህ ሚዛን ኩባም ስለ ስሟ የምትሟገተው በእውነት ነው፤ አፈሩን ይዛ የቀረችው እሷ ናትና። ነገር ግን ይርጋጨፌን ማክበር የኬንያን የኔሪ ቡና መናቅ አይደለም። ሁለቱን የቀመሰ ሰው አንዱ የሌላው ጥላ እንዳልሆነ ያውቃል። ስሕተቱ የሚጀምረው የኤስቴሊን ሲጋር ለሀቫና በመቅረቡ ልክ ስንመዝነው ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ስደት ስደት መሆኑ ቀርቶ አገር ሆኗል። ፓድሮንና ጋርሲያ ከቤታቸው ሲወጡ የያዙት ትዝታ ነበር፤ በአዲሱ አፈር ላይ ያበቀሉት ግን የራሱ ስም የሚገባው ነገር ነው። ከአገሩ ውጭ በሌላ ዱቄትና በሌላ ውኃ እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ለአንባቢ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው። የኩባን ሲጋር የሚፈልግ ሰው ብርታትን ፍለጋ አይሂድ፤ ጥልቀትን ይፈልግ፤ ሲያገኘውም በትዕግሥት ያስቀምጠው፤ በአንዱ ሲጋር ካዘነ ስለ ሌላው ተስፋ አይቁረጥ። የኩባ ያልሆነውን የሚመርጥም በይቅርታ አይምረጥ። የቀማሪውን ጥበብ፣ የአፈሮቹን ውይይት፣ የጠቅላዩን ጥንቃቄ ያድንቅ። ሁለቱንም ከመፍረዱ በፊት ግን ቀለበቱን ያውልቅ።

በአምስተኛው ማታ አራቱን ቀለበቶች ከነቁጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። በሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ረጅም ጊዜ ያዙት። የኒካራጓ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜም መለስሁላቸው። ይከራከሩኛል ብዬ ስጠብቅ ቀለበቱን መልሰው አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ያች የሁለተኛው ማታዋ፣ የተረፈች አለች?»